ቤትና ሆድ

የባለታሪክን መኖሪያ የውስጡ መናገሪያ ማድረግ ከገድልና ከተረት ጀምሮ እስከ ዘመናዊው ልብ ወለድ የዘለቀ የአተራረክ ዘዴ ነው። ደራሲው «ሰውየው አዝኗል» አይልም፤ የምድጃው አመድ ሦስት ቀን ሳይዛቅ መቆየቱን ያሳያል። አንባቢም ከአመዱ ተነሥቶ ወደ ሰውየው ልብ ይሻገራል። ይህ መሻገሪያ ግን በምን ላይ ቆሟል? ጭቃና ማገር ስለ ነፍስ የሚመሰክሩት ለምንድን ነው? ምስክርነታቸውስ እስከ ምን ድረስ ይታመናል? ጥያቄው የድርሰት ብልሃት ብቻ አይደለም፤ የሚታየው ስለማይታየው ምን ያህል ይናገራል የሚለው የቆየ የሃይማኖትና የፍልስፍና ጥያቄ አንዱ መልክ ነው። በሰሜን ወሎ፣ ከአላ ውሃ እስከ ሚሌ ወንዝ በተዘረጋው የሐብሩ ምድር፣ በመርሳና በወልድያ ያለው የቤት ልማድ ለመመርመሪያ ይመቻል። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ መንደር፣ አልፎ ተርፎም በአንድ ዘር ውስጥ ስለሚኖሩ ሁለቱ እምነቶች ስለ ቤትና ስለ ልብ የሚያስተምሩት እዚያ ግድግዳ ተጋርቶ ይገኛል።

አማርኛ ይህን ዘዴ ከደራሲዎች በፊት ያውቀዋል። ስሜት የሚያድረው ሆድ ውስጥ ነው፤ ሆድም እንደ ቤት ይሰፋል፣ ይጠባል፣ ባዶ ይቀራል። ታጋሽ ሰው ሆደ ሰፊ ነው። የተጨነቀ ሰው «ቤቱ ጠበበኝ» ብሎ ወደ ደጅ ይወጣል፤ ቤቱ ግን ከትናንቱ ስንዝር አልቀነሰም። ልጆቹ የሄዱበት ሰው አልጋውም መደቡም በቦታው እያለ «ቤቱ ወና ሆነብኝ» ይላል። ቤተሰብ ያቆመ ሰው ምሰሶ ነው። ትዳር የያዘ ጎጆ ወጣ ይባላል፤ ትዳሩ ሲበተን ደግሞ የቆርቆሮው ምስማር እንኳ ሳይነቀል «ቤቱ ፈረሰ» ይባላል። ተናጋሪው በዚህ ሁሉ ውስጥ ተምሳሌት እየፈጠረ አይመስለውም፤ ቤቱንና ሆዱን በአንድ ቃል መጥራት የለመደው ነው።

ሆኖም ያው ቋንቋ ተቃራኒውንም ፍርድ ይዟል። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም። ምሳሌው ብዙ ጊዜ ሹም ሲሻር ሹም ሲሾም ይተረታል፤ ለዚህ ጉዳይም ግን ልክ ነው። ሦስቱ ድንጋዮች ድስቱን ይሸከማሉ እንጂ ድስቱ ውስጥ አይገቡም። በዚህ ሐሳብ ቤት ለልብ ጉልቻ ነው፤ ይሸከመዋል፣ ጣዕም ግን አይሰጠውም፣ ጣዕሙንም አይናገርም።

ይህን ሁለተኛ ፍርድ የሚያጠናክር ታሪክ በሙስሊሙ ዘንድ የታወቀ ነው። ነቢዩ ሙሐመድ ወደ ተቡክ ሲዘምቱ ያለ በቂ ምክንያት ከቀሩት አንዱ ከዕብ ኢብን ማሊክ ነበር። ሰበብ ከመደርደር እውነቱን መናገር መረጠ፤ ቅጣቱም ሃምሳ ሌሊት ማንም እንዳያናግረው መደረጉ ሆነ። ቁርኣን (9፥118) ስለ እሱና ስለ ሁለቱ ጓደኞቹ ሲያወሳ ምድር ከነስፋቷ እንደጠበበቻቸው፣ ነፍሳቸውም እንደጠበበቻቸው ይገልጻል። ከዕብ ራሱ በተረከው መሠረት የይቅርታው ብሥራት የደረሰው በሃምሳኛው ቀን ንጋት፣ ከቤቱ ጣሪያ ላይ የፈጅርን ሶላት ሰግዶ ተቀምጦ ሳለ ነው። ቦታው ልብ ይባል። ከጣሪያ ላይ የተቀመጠ ሰው በላዩ ሰማይ እንጂ ሌላ የለም፤ ከዚያ የሰፋ መቀመጫ አይገኝም። የጨነቀው ግን እዚያው ላይ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል፤ ጳውሎስና ሲላስ በፊልጵስዩስ ወኅኒ፣ እግራቸው በግንድ ተጠርቆ፣ በእኩለ ሌሊት ይዘምራሉ። በሰፊው የተጨነቀና በጠባቡ የተደሰተ ሰው ባለበት ዓለም፣ ባለታሪኩ ባዘነ ቁጥር ክፍሉን የሚያጨልም ደራሲ ግማሹን እውነት ብቻ ይዟል። እንግሊዛዊው ሐያሲ ጆን ረስኪን እ.ኤ.አ. በ1856 ለተፈጥሮ የሰውን ስሜት ማላበስን እንደ ስሕተት ቆጥሮ ስም አውጥቶለት ነበር፤ ነቀፌታው ለቤት ዕቃም ይሠራል። ሲኒ አያለቅስም።

ቤት ይናገራል ከማለት በፊት ደግሞ ቤት የሚሠራው ለምን እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። ከዝናብና ከፀሐይ ሌላ ቤት የሚሸፍነው ነገር በአማርኛ ስም አለው፤ ገመና ይባላል። ገመና ኃጢአት አይደለም፣ ምሥጢርም ብቻ አይደለም፤ ሰው በጓዳው የሚችለው ጉድለቱ ነው። መርሳ ላይ እንግዳ ድንገት ሲገባ ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ ያውቀዋል። እናት እንግዳውን መደብ ላይ አረፍ አድርጋ ስለ አገር ደኅንነት ስትጠይቅ፣ አንዲት ልጅ በጓሮ በኩል ሹልክ ብላ ጎረቤት ትደርሳለች። አንድ እፍኝ ቡናና ትንሽ ስኳር በቀሚሷ እጥፋት ይዛ ትመለሳለች። እንግዳው ፊት የሚቀርበው ሁሉ ከዚያው ቤት እንደወጣ ሆኖ ነው። እንግዳውም፣ እሱም ቤት እንዲሁ ስለሚደረግ፣ ሳያውቅ አይቀርም፤ ግን አያውቅም። ይህን ቤት ከመደቡ ብቻ ያየ ደራሲ «ጥጋብ» ብሎ ይጽፋል፤ ጓዳውን ብቻ ያየ «እጦት» ብሎ ይጽፋል። የሴትየዋ ልብ ያለው ግን በሁለቱ መካከል፣ ልጅቱ በሮጠችበት የጓሮ መንገድ ላይ ነው።

ስለዚህ ጓዳ ገልጦ ማሳየት በራሱ የሥነ ምግባር ጥያቄ ያስነሣል። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 9 ኖኅ ሰክሮ በድንኳኑ ውስጥ ዕራቁቱን ሲተኛ ካም አይቶ ለወንድሞቹ ነገረ፤ ሴምና ያፌት ልብስ በጫንቃቸው አድርገው፣ ፊታቸውን መልሰው፣ የኋሊት እየሄዱ አለበሱት። የሰው መኖሪያ ውስጥ ገብቶ ያገኙትን መናገር ዋጋ እንዳለው ከሚያስተምሩ ጥንታዊ ታሪኮች አንዱ ነው። ቁርኣንም (24፥27) ሰው ወደ ሌላው ቤት ሳያስፈቅድና ሰላምታ ሳያቀርብ እንዳይገባ ያዛል፤ በሌላ ቦታ (49፥12) የሰውን ነውር መሰለልን ይከለክላል። ተራኪ ሰላምታ አይሰጥም፣ ደጅም አይጠናም፤ በተዘጋ በር ያልፋል፣ አንባቢንም አስከትሎ ይገባል። ይህ ሥልጣኑ ካምም ሴምም ሊያደርገው ይችላል። ልዩነቱ ያለው በሚያየው ነገር አይደለም፣ ሁለቱም ወገን የገቡት አንድ ድንኳን ነውና፤ አይቶ በሚያደርገው ነው።

እስካሁን የተነሣው ቤት ልብን ያሳያል ወይስ ይሸፍናል የሚለው ነበር። የአካባቢው የመንፈሳዊ ሕይወት ታሪክ ግን ሦስተኛ፣ ከሁለቱም የበለጠ ሊታሰብበት የሚገባ መልስ አለው፤ ቤት ልብን ይሠራል።

ከመርሳ በስተደቡብ፣ በደሴ መንገድ፣ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ትምህርት ቤት ያደረጉት ይህ ቦታ ከኢትዮጵያ ገዳማዊ ሕይወት ምንጮች አንዱ ነው፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከተማሩባቸው ገዳማት ይቆጠራል። የመነኩሴ መኖሪያ በዓት ይባላል፤ በዚያ ሳይወጡ መቆየትም «በዓት ማጽናት» ነው። ግሡ ብዙ ይናገራል፤ በዓት ይጸናል እንጂ አይኖርበትም። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በስተርጅና በዓታቸውን ዘግተው ለጸሎት ሲቆሙ፣ ገድላቸው እንደሚለው፣ በፊትና በኋላ፣ በቀኝና በግራ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ ስምንት ጦር አስተክለው ነበር፤ ሰውነት ደክሞ ዘንበል ቢል እንዲወጋ። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በአንድ እግር ቆመው የሚሣሉት በዚህ ታሪክ ነው። የዘመናዊ ልብ ወለድ ልማድ ያለው አንባቢ ይህን ክፍል ያለ ስም ቢያገኘው ምን ይላል? አልጋ የለም፣ መቀመጫ የለም፣ በየአቅጣጫው የጦር ጫፍ አለ። «ራሱን የጠላ ሰው ክፍል» ብሎ ይፈርድ ይሆናል። ገድሉ ግን እንዲህ አያነብም። ጦሮቹ የተተከሉት ልብ ምን እንደሆነ ለማሳየት ሳይሆን ልብ ምን እንዲሆን ለማድረግ ነው፤ ምክንያትና ውጤት ቦታ ተለዋውጠዋል።

በዚሁ አካባቢ፣ በየጁ ምድር፣ እስልምናም ይህን መንገድ ያውቀዋል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዳና በሼኾቿ የታወቀች የትምህርትና የሱፊ ሥርዓት ማዕከል ነበረች። ኸልዋ የሚገባ ሰው ከሰው ተለይቶ በጠባብ ቦታ ለዚክር ይቀመጣል፤ ዓይን የሚያርፍበት ነገር እንዲጎድል ሆን ተብሎ ይደረጋል። በዓቱና ኸልዋው ስማቸው ይለያይ እንጂ የውስጥ አደረጃጀታቸው ወንድማማች ነው።

የፍልስፍናው ምሳሌ ዋሻ ነው። «ሐተታ» በተባለው የፍልስፍና ድርሰት የሚተርከው ዘርዐ ያዕቆብ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ሸሽቶ በተከዜ ሸለቆ ሁለት ዓመት የኖረበትን ዋሻ ከአውሬ ለመጠበቅ በድንጋይና በእሾህ አጥሮት ነበር፤ ከመምህራን ጋር ሳለ ከተማረው ይልቅ እዚያ ብቻውን ሆኖ የተረዳው እንደሚበልጥ ይናገራል። ሐተታውን የጻፈው ማን ነው የሚለው ክርክር ከ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ አላባራም፤ ለዚህ ጉዳይ ግን ሚዛን አይለውጥም። ደራሲው ማንም ይሁን፣ ሐሳብን ከወግና ከመምህር ለማላቀቅ ሲፈልግ ባለታሪኩን ያስቀመጠው ወግም መምህርም በሌለበት ዋሻ ነው። ቀጥሎ ወደ እንፍራዝ ወርዶ በሰው ቤት ሲጠጋ፣ ሲያስተምርና ሲያገባ፣ የሐሳቡ ትኩረትም ሰው ከሰው ጋር እንዴት ይኑር ወደሚለው ያዘነብላል። መኖሪያው እየተለወጠ ጥያቄውም አብሮ ተለወጠ።

ቅዱሳንና ፈላስፎች ጥቂት ናቸው፤ ሌላው ሰው ቤቱን ልብ መሥሪያ የሚያደርገው በየሳምንቱና በየቀኑ ነው። በወሎ ወዳጃ የሚባለው የጸሎት ጉባኤ ለዚህ ዋና ማሳያ ነው። ሕመም ሲጠና፣ ዝናብ ሲዘገይ፣ ሰው ሩቅ መንገድ ሲያስብ ወዳጃ ይያዛል። አስቀድሞ ቤቱ ይሰናዳል። ወለሉ በእበት ተለቅልቆ እንዲደርቅ ይተዋል፤ ሰሌንና አጎዛ ይነጠፋል፤ ቄጤማ ይጎዘጎዛል፤ ፍሙ ላይ ዕጣን ይነሰነሳል፤ ጫቱ በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ ይቆያል፤ ጀበናው ይጣዳል። ከዚያ ሽማግሌው ዱዓ ያደርጋል፣ ቤቱም «አሚን» ይላል። አነጋገሩ እንዲህ ነው፤ ሰዉ ሳይሆን ቤቱ። በመንደሩ ያሉ ክርስቲያኖችም አንዳንዴ ከዚሁ አሚን ይካፈላሉ። ባለጉዳዩ ሲገባ ልቡ እንደታመሰ ነው፤ ቤቱ ግን ቀድሞት ረግቷል። ሰውየው ስለተረጋጋ ቤቱን አላሰናዳም፤ ቤቱን ያሰናዳው መረጋጋት ስለፈለገ ነው። የየቀኑ ቡናም በትንሹ ይህንኑ ያደርጋል። አቦል ላይ ያኮረፈ ሰው በረካ ላይ እንደዚያው ሆኖ መቆየቱ ቀላል አይደለም፤ ሦስት ዙር እስኪያልቅ ረጅም ጊዜ ነው፣ ጎረቤትም አጠገቡ አለ።

እዚህ ላይ አንድ ፍርድ መስጠት ይቻላል። የሰው ልብ በቤቱ የሚነበብ ከሆነ የሚነበበው በዕቃው ሳይሆን በሥራው ነው። ዕቃ ስለ ኪስ ይናገራል፤ ስለ ልብ የሚናገረው ዕቃው የሚደረግበት ወይም መደረግ ያቆመበት ነገር ነው። ወለል የእበት መሆኑ ምንም አይልም፤ በየሳምንቱ ይለቀለቅ የነበረው ወለል ተሰነጣጥቆ አቧራ ማንሣት መጀመሩ ግን ይናገራል። ጀበና መኖሩ ምንም አይደለም፤ ጀበና ሳይጣድ ሦስት ቀን ማለፉ ግን ጎረቤት ሳይቀር የሚያነበው ጽሑፍ ነው። ጭስ ያላየች ጎረቤት «ምን ሆና ይሆን?» ብላ ትመጣለች። ገላጭ ቃል የሚያበዛ ደራሲ እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ የቤት ምሥጢር ያለው በቅጽል ሳይሆን በግሥ ነው።

ሃይማኖቱም ይህን ያግዛል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ትምህርት የሰውን በደል በሐልዮ፣ በነቢብና በገቢር ይከፍላል፤ ማሰብ፣ መናገር፣ ማድረግ ማለት ነው። ሐልዮን የሚያየው እግዚአብሔር ብቻ ነው። በእስልምናም ሥራ የሚመዘነው በኒያ ነው፣ ኒያንም የሚያውቀው አላህ ነው። ሰው ከገቢር ተነሥቶ ስለ ሐልዮ መገመት ይችላል፤ ግምቱ ግን ግምት ሆኖ ይቀራል። በሐብሩና በወልድያ በሰርግ ቤት ይህ ጥሩ ሆኖ ይታያል። ደጋሹ ክርስቲያን ከሆነ ለሙስሊም እንግዶቹ የእስላም ከብት በእስላም እጅ ያሳርዳል፤ ምድጃው ይለያል፣ ድስቱ ይለያል፣ ጭልፋው ሳይቀር አይቀላቀልም። ሙስሊም ደጋሽም ለክርስቲያን እንግዶቹ እንዲሁ ያደርጋል። ከውጭ የመጣ ሰው ሁለቱን ምድጃ አይቶ «ተለያይተዋል» ሊል ይችላል። ምድጃው የተለየው ግን አንድ ዳስ ሥር አብረው እንዲቀመጡ ነው። ዕቃው መለያየትን ይናገራል፣ ሥራው ደግሞ አብሮነትን፤ ትክክለኛው ምስክር ሁለተኛው ነው።

ይህ መመዘኛ ድሀን በድህነቱ ከመፍረድ ያድናል፤ ግን እሱም ወሰን አለው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም፣ እንደገናም በ1977 ዓ.ም ወሎን ረኀብ ሲመታ ሥራውም ቆሟል። ከብቱ ካለቀ በኋላ የቤት ዕቃው ለእህል ይሸጣል፤ ባለቤቱም በሩን ትቶ ወደ አስፋልት ይወርዳል። ይህን ወና ቤት የባለቤቱ ልብ አምሳል ማድረግ በሰው መከራ ላይ ጌጥ መቀጠል ነው። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት በወልድያና በመርሳ ላይ ባለፈ ጊዜም ብዙ ቤት ተዘርፏል፤ ቁም ሣጥኑ የተገለበጠበት ክፍል የሚናገረው ስለ ገልባጩ ነው። ከዚህ የቀለለ ምሳሌም አለ። ወልድያ ውስጥ አንድ ክፍል የተከራየ ተማሪ የግድግዳውን ቀለም አልመረጠም። የቀለሙን መጉደፍ የተስፋ መቁረጡ ምልክት ያደረገ ደራሲ የአከራዩን ልብ በተከራዩ ደረት ውስጥ አስቀምጧል።

ዘዴው ከመጽሐፍ ወጥቶ ወደ ፖለቲካ የገባበት ትልቁ የኢትዮጵያ ምሳሌም የተሠራው በወሎ ረኀብ ነው። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ እ.ኤ.አ. በ1973 ያቀረበውን የረኀብ ፊልም፣ ደርግ የቤተ መንግሥት ግብዣና ድሎት እያሰባጠረ አስቀናብሮ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም ማታ በቴሌቪዥን አሳየው፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ተመልካቹ የወሎን አጥንትና የቤተ መንግሥቱን ገበታ እያፈራረቀ አየ። ንጉሡ ምን እንዳሰቡ ማንም አልተናገረም፤ ገበታው ተናገረላቸው፣ በትክክልም ተናገረባቸው። ረኀቡ መደበቁ እውነት ነበር፣ ግብዣውም እውነት ነበር። ሁለቱን አጣብቆ «ይህ ልባቸው ነው» ያሰኘው ግን ቅንብሩ ነው። የሰውን ቤት አሳይቶ ልቡን ማስነበብ እንዲህ ያለ ጉልበት አለው፤ ትክክል በሚሆንበት ጊዜም ጭምር ፍርዱን የሚሰጠው ቤቱ ሳይሆን ዕቃውን መርጦ ጎን ለጎን ያስቀመጠው እጅ ነው።

በልብ ወለድ ውስጥ ዘዴው የሠመረባቸው ቦታዎች ሲታዩ ግሡ ጎልቶ ይወጣል። በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም) የፊታውራሪ መሸሻ ቤት የሚከብደው በስፋቱና በአሽከሮቹ ብዛት አይደለም፤ ሰብለ ወንጌልን ስለሚዘጋባት ነው። ዘሯን የሚመጥን ባል እየተጠበቀ ዕድሜዋ በዚያ ቤት ያልፋል፤ ቤቱ የእሷን ልብ ሳይሆን የአባቷን ኩራት ይመስላል፣ የእሷ ልብ የሚታየው ከዚያ ቤት ለመውጣት በምታደርገው ነው። በዶስቶየቭስኪ «ወንጀልና ቅጣት» (እ.ኤ.አ. 1866) የራስኮልኒኮቭ ክፍል ቁም ሣጥን የምታህል ናት፤ ጠባብነቷ የድህነት ነው፣ ቀን ከሌት ተጋድሞባት መዋሉ ግን የእሱ ነው። የቻርልስ ዲከንስ ሚስ ሃቪሻም ደግሞ በሰርጓ ቀን በተከዳችበት ሰዓት ላይ ሰዓቶቿን ሁሉ አቁማ፣ የሰርግ ቀሚሷን ሳታወልቅ፣ ኬኩ ገበታው ላይ እየሻገተ ትኖራለች። ከሦስቱ ሁሉ የሐዘንን ቤት አጥብቆ የያዘው ይህ ነው፤ ቤቷ የሚያስፈራው የቆመ ነገር ስላለበት ነው።

ሚስ ሃቪሻምን ወልድያ ላይ ማሰብ ግን ያስቸግራል። በለቅሶ ቤት በእርግጥ ዕቃው ይነሣል፣ ሐዘንተኛው ወደ መሬት ወርዶ ይቀመጣል፤ ቤቱ የልቡን መልክ ይይዛል። ሆኖም መልኩን የሚሰጠውም የሚገፍፈውም ሐዘንተኛው ብቻ አይደለም። በወሎ ቅሬ የሚባለው የቀብር ማኅበር ድንኳኑን ይተክላል፣ ድንኳኑንም ይነቅላል። ሴቶቹ እንጀራ ይዘው ይመጣሉ፣ ጀበናውን እነሱው ይጥዳሉ። ለክርስቲያኑ ሣልስት፣ አርባና ሙት ዓመት አለው፤ ለሙስሊሟ ባል የሞተባት ሴት አራት ወር ከዐሥር ቀን የሆነ ዒዳ አላት። ሐዘን በቤት ውስጥ የመግቢያም የመውጫም ቀን ተቆርጦለታል። ከቀኑ በኋላ ሐዘንተኛው ባይበረታም አልጋው ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ቤቱ ከልቡ ቀድሞ ይድናል። ለደራሲ ይህ ችግርም ሀብትም ነው። ቤት የአንድ ነፍስ ብቻ መልክ እንዲሆን ብቸኛ ነዋሪና የማይንኳኳ በር ያስፈልጋል፤ እዚህ ግን በሩ ይንኳኳል። የሐዘንተኛው ልብ የሚታየው በተስተካከለው ቤትና ባልተስተካከለው ሆዱ መካከል ባለው ክፍተት ነው፤ አልጋው ተነጥፎለት መሬት ላይ ማደሩን የቀጠለ ሰው ከሻገተው ኬክ ያላነሰ ይናገራል።

በዘመኑ የሐብሩ መንደሮች ይህን ክፍተት አጉልቶ የሚያሳይ ሌላ ዓይነት ቤት ተጨምሯል። ወደ ዐረብ አገር የሄዱ ልጆች በሚልኩት ገንዘብ የሚሠራው ባለ ብሎኬት ቤት ነው፤ ወለሉ ሴራሚክ፣ መስኮቱ ብረት፣ ሶፋው ከነላስቲኩ። ብዙ ጊዜ ማንም አያድርበትም። እናት የምትኖረው ከጎኑ ባለችው አሮጌ ጭቃ ቤት ነው፤ ምድጃዋም ዶሮዎቿም እዚያ ናቸው፣ አዲሱን «የልጄ ቤት» ትለዋለች። ይህ ቤት የማን ልብ ነው? ያሠራችው ልጅ ገብታ አላየችውም፤ የምታውቀው በስልክ በሚላክላት ፎቶግራፍ ነው። እናት ደግሞ በየጊዜው ትከፍተዋለች፣ ግን አትቀመጥበትም። ዕቃው ብቻ የታየ እንደሆነ ባዶና ቀዝቃዛ ክፍል ነው፣ «መለያየት» ተብሎ ይዘለላል። ሥራው ከታየ ግን ሌላ ነው። ዐርብ ጠዋት እናት ጫማዋን ደጃፉ ላይ ታወልቃለች። መስኮቶቹን ትከፍታለች፣ ማንም ያልረገጠውን ወለል ትወለውላለች፣ የሶፋውን ላስቲክ በእርጥብ ጨርቅ ትጠርጋለች። አንዳንዴ ዕጣን ይዛ ገብታ በየማዕዘኑ ታዞራለች፣ ሰው እንዳለበት ቤት እንዲሸት። ከዚያ መስኮቶቹን በተራ ትዘጋና በሩን ትቆልፋለች፤ ቁልፉንም መቀነቷ ጫፍ ላይ መልሳ ትቋጥረዋለች።